መቼ ይደርሳል?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወደብ ወደ መሀል አገር ጭነት ሲያመላልሱ ስለኖሩ አንድ ባለ ከባድ መኪና ነው። ስማቸውን አልጠራም። «ስሜ ይቅርና ሥራውን ተናገር» ብለውኛል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» ስላቸው ስለኖርኩ እናንተም ጋሼ በሏቸው።

ጋሼ አዳማ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ሰፊ ግቢ አላቸው። አንዱ ጥግ ላይ ተሳቢዎች ተደርድረዋል፤ ሌላው ጥግ ላይ የወረደ ካምቢዮ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል፤ ከበሩ አጠገብ ደግሞ አንዲት ጠረጴዛ አለች። በጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ስልክና አንድ ወፍራም ደብተር አይጠፋም። ደብተሩ የባለቤታቸው የእትዬ ነው፤ ስለሱ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ስልኮቹ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያመጡት አንድ ጥያቄ ነው። ብረት አስመጪው ይደውላል፣ የዱቄት ፋብሪካው ይደውላል፣ ማዳበሪያ የሚጠብቀው ዩኒየን ይደውላል። ሁሉም ሰላምታውን ያሳጥርና «ጋሼ፣ መኪናው መቼ ይደርሳል?» ይላል።

በዚህ መስመር መኪና ያለው ብዙ ነው። ከጋሼ የበለጠ መኪና ያለውም፣ ከጋሼ ያነሰ ዋጋ የሚጠይቅም ሞልቷል። ጭነት ያለው ሰው ግን ጋሼን ይፈልጋል። ለምን እንደሚፈልጋቸው ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ጋሼ የኮምቦልቻ ልጅ ናቸው። ኮምቦልቻ እሳቸው ልጅ ሳሉ የአሰብ ወደብ መንገድ ከተማ ነበረች። ከወደብ የወጣው ጭነት ያርፍባታል፣ ሹፌሩ ያድርባታል፤ ጎሚስታውም፣ በያጁም፣ ባለ ምግብ ቤቷም እንጀራቸው ከመንገዱ ነበር። ጋሼም ገና ጢም ሳያበቅሉ ትምህርታቸውን ተዉና በፊያት 682 ኤን 3 ላይ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። ኤንትሬ ስንል የኖርነው፣ ያ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ድምፁ ከማዶ የሚሰማው መኪና ነው። ዕድሜ የሰጣችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ያኔ የረዳት ሥራ ቀላል አልነበረም። ዳገት ላይ መኪናው ኃይል ሲያጣ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ መክተት፣ ጎማ ፈትቶ ቸርኬውን በመዶሻ መደብደብ፣ ሸራ መወጠር፣ ገመድ ማጥበቅ፣ ሌሊት ጭነቱ ላይ ተኝቶ መጠበቅ፣ ጠዋት ከሹፌሩ ቀድሞ ተነስቶ ውሃና ዘይት ማየት። አሰብ፣ ቡሬ፣ ማንዳ፣ ኤሊዳር፣ ሰርዶ፣ ሚሌ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ፤ ጋሼ ዛሬም በአንድ ትንፋሽ ይጠሩታል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚቀጥለው ደግሞ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ ጣልያን የቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ይቀበለዋል። ከባሕር ጠርዝ ሙቀት ተነስቶ እዚያ ድረስ መውጣት ለሞተርም ለሰውም ፈተና ነበር።

በአፋር በረሃ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። የቆመ መኪና አይታለፍም። የማንም ይሁን፣ ምንም ጭነት ይያዝ፣ ወርደህ «ውሃ አለህ ወይ?» ብለህ ትጠይቃለህ። ጋሼ ሹፌር ሊቀጥሩ ሲፈልጉ ዛሬም የመንጃ ፈቃዱን ደረጃ አይተው ሲያበቁ ይህን ሕግ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አሁን ወደ 1977 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ።

ያን ዓመት ጋሼ መሪ ከያዙ ጥቂት ዓመታቸው ነው። ወሎ በድርቁ አለቀ። አሰብ ላይ መርከብ እህል ያራግፋል፤ እህሉ ግን የሚያወጣው መኪና አጥቶ ወደቡ ላይ ይቆለላል። በአገሩ የነበረው ከባድ መኪና ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም በሰሜን የነበረው ጦርነት የወሰደው አለ። ያለው መኪና ሌት ተቀን ይመላለሳል። ባቲ ላይ ትልቅ የተረጂዎች መጠለያ ነበር፤ መንገዱ ደግሞ በባቲ ያልፋል።

ጋሼ የነገሩኝ እንዲህ ነው። ስንዴ ጭነው ባቲ ደረሱ። ሰዉ መንገድ ዳር ተቀምጧል። የጮኸ የለም፣ እጁን የዘረጋ የለም፤ ለዚያ የሚሆን ጉልበትም አልነበረ። ጆንያው መውረድ ሲጀምር አንዲት እናት ቀና ብላ፣ «ልጄ፣ የሚቀጥለው መቼ ይደርሳል?» አለቻቸው። ጋሼ «ነገ» አሉ። ከኋላቸው የሚከተል መኪና መኖሩን አያውቁም፤ ቃሉ አፋቸው ላይ መጣና ወጣ። ሴትየዋ «ነገ» የሚለውን ይዛ ልጇን አቀፈችና ተመልሳ ተቀመጠች። የሚቀጥለው መኪና በማግስቱ አልመጣም።

ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉም። «ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ቀን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም» አሉኝ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ የመኪናም፣ የነዳጅም፣ የባቡርም ታሪክ ጋሼ ይህን ቃል ለመጠበቅ ያደረጉት ነው።

ደርግ የጭነት መኪናን በቀጠና አደራጅቶት ነበር። ባለ መኪናው ይመዘገባል፣ ተራውን ይጠብቃል፣ ታሪፉ ከላይ ተቆርጦ ይመጣለታል። ጭነት አስመጪው ደግሞ መኪና አይመርጥም፤ የደረሰውን ይቀበላል። በ1984 ዓ.ም. የሽግግሩ መንግሥት የመንገድ ትራንስፖርቱን ነጻ ሲለቀው ነገሩ ተገለበጠ። ባለ ጭነቱ የፈለገውን መምረጥ ጀመረ፣ ዋጋም በድርድር ሆነ። ብዙ ነባር ባለ መኪና በዚህ ጊዜ ተደናገጠ። ለተራ ጠባቂና ለአስተማማኝ እኩል ይከፍል የነበረው አሠራር ቀርቷል።

ጋሼ የመጀመሪያ መኪናቸውን የገዙት በዚያ ሰሞን ነው። ያገለገለ ኤንትሬ ከነተሳቢው። ገንዘቡ ከየት መጣ ብትሉ፣ እቁብ ደረሳቸው፣ የሚስታቸው ወንድም የተወሰነ አዋጣ፣ እትዬ ደግሞ የሠርጓን ወርቅ ሸጠች። መኪናው እንደተገዛ እትዬ ደብተር ገዛች። የገባው በአንድ በኩል፣ የወጣው በሌላ በኩል። ቀጥሎ የጎማዎቹን ቁጥር ጻፈች። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ብዙ ጎማ አለው፤ እያንዳንዱ ጎማ መቼ እንደተገዛ፣ የት እንደታሰረ፣ መቼ እንደተቀየረ በደብተሩ ላይ አለ። ጎማዎቹ ራሳቸው በጋለ ብረት ምልክት ይመታባቸዋል፤ መንገድ ላይ አዲስ ጎማ በአሮጌ ተለውጦ ቢመጣ እትዬ ግቢው በር ላይ ታውቀዋለች። ከጎማው ቀጥሎ ዘይት፣ የፍሬን ሸማ፣ ባሌስትራ። ስለ አስተማማኝ ባለ መኪና ስንናገር ሹፌሩን እናነሳለን፣ መኪናውን እናነሳለን፤ ደብተር የያዘችውን ግን እንረሳታለን። የዚህ ግቢ መሠረት እሷ ናት ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ግንቦት 1990 መጣ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳና አሰብ ተዘጋ። በዚያ መንገድ ላይ ኑሮውን የመሠረተ ሰው ያን ሳምንት አይረሳውም። የጋሼ አንዱ መኪና ለመጫን ባዶውን እየወረደ ነበር፤ ወሬው ኤሊዳር ላይ አገኘውና ዞሮ ተመለሰ። ወደቡ ውስጥ የቀረው የሰው ዕቃ እዚያው ቀረ። ባለ ጭነቶቹ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፤ ሁሉም ይደውላል። ጋሼ ለሁሉም የመለሱት አንድ መልስ ነበር። «ዕቃህ አሰብ ነው፣ አልወጣም፣ የሚወጣ አይመስለኝም። ሌላ ጭነት ካለህ በጂቡቲ በኩል እንሞክር፤ መንገዱን ግን አላውቀውም፣ አይቼ እነግርሃለሁ።»

ከዚያ ራሳቸው ጋቢና ገብተው ወረዱ። መንገዱ እስከ ዲቼቶ አካባቢ የሚያውቁት ነው፤ ከዚያ የአሰቡን ትተው ወደ ጋላፊ ታጠፉ። ከድንበሩ ወዲያ ዲኪልን አልፈው፣ ጂቡቲ ከተማ መግቢያ ላይ ፒኬ 12 ከሚባለው የመኪና ማቆሚያ ደረሱ። ከአዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጂቡቲ ለዘመናት የባቡሩ በር ነበረች፤ የድሮው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አሁን ግን በአንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ አገር ገቢ ሁሉ እዚያ ወደብ ላይ ወደቀ፤ ወደቡም መንገዱም ለዚያ አልተዘጋጁም። ጋሼ እዚያ ከርመው ሁሉን አጠኑ። ትራንዚተሩ ሰነድ የሚጨርሰው በስንት ቀን ነው? ክሬኑ በፈረቃ ስንት መኪና ይጭናል? ዓርብ ምን ይዘጋል? ጋላፊ ላይ ወረፋው የሚረዝመው መቼ ነው? ሚሌ ጉምሩክ ፍተሻው ምን ያህል ይወስዳል? የሚዛን ጣቢያው የሚመልሰው ምን ዓይነት ጭነት ነው? ሁሉንም ይዘው መጡና ለእትዬ አስጻፉ። ያ ገጽ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሰርዞ ተጽፏል፤ የጋሼ ቃል ግን ከዚያ ገጽ ነው የሚወጣው። ቤተሰባቸውንም ከኮምቦልቻ ነቅለው አዳማ ያሰፈሩት በዚያ ዓመት ነው።

ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው መኪና የሚያዘገየው መንገዱ ይመስለዋል። አይደለም። 900 ኪሎ ሜትር በጤናማ አነዳድ ሦስት ቀን ነው። ቀሪው ሁሉ መቆም ነው። ወደብ ላይ ተራ፣ ሰነድ፣ ጋላፊ፣ ሚሌ፣ ሚዛን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የባለ ጭነቱ መጋዘን በር። ከአገር የሚወጣው ቡናና ሰሊጥና ቦሎቄ ከሚገባው ጭነት ጋር ስለማይመጣጠን አብዛኛው መኪና ወደ ወደብ የሚወርደው ባዶውን ነው፤ ስለዚህ የምልልሱን ወጪ በሙሉ የመልሱ ጭነት ይሸከማል። ያ ገንዘብ የሚገኘው ደግሞ ጎማው ሲዞር ነው። መኪናው በቆመ ቁጥር የባንክ ወለዱ፣ የመድኑ፣ የደመወዙ ሒሳብ ይሮጣል። አንድ ባለ መኪና በዓመት የሚያደርገው ምልልስ በሁለት ወይም በሦስት ሲቀንስበት ትርፉ አለቀ ማለት ነው። ጋሼ የቆመ መኪና ሲያዩ የሚያማቸው ለዚህ ነው።

አሁን የሚከብደኝን ክፍል ልንገራችሁ።

ከገዋኔ ወዲያ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ አስፋልቱን ያቀልጠዋል። ሹፌር በዚያ ሲነዳ ሌሊቱን ይመርጣል። ምክንያት አለው፤ ሌሊት ሞተር አይግልም፣ ጎማ አይፈነዳም። በዚያ ላይ የሹፌሩ ገቢ በቢያጆ፣ ማለትም በምልልስ ቁጥር፣ ከሆነ ቶሎ መመለስ አለበት። የጋሼ አንድ ሹፌር ወደብ ላይ ቀናት ሙሉ ሲጠብቅ ከርሞ፣ ጭኖ እንደወጣ የባከነውን ጊዜ ሊያካክስ ሌሊቱን ነዳ። ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ወሰደው። መኪናው ከመንገዱ ወጥቶ ተገለበጠ። ሹፌሩ ተረፈ፤ ረዳቱ ግን ሞተ። ልጁ ከደሴ ዙሪያ የመጣ፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር ነበር።

መድኑ የመኪናውን ከፈለ፣ የጭነቱንም ከፈለ። ጋሼ ሬሳውን ይዘው ለወላጆቹ አደረሱ፤ እስከ ሰልስቱ ለቅሶ ተቀመጡ፤ የታናናሾቹን የትምህርት ወጪም እስኪጨርሱ ቻሉ። ሲመለሱ ሹፌሮቹን በሙሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰቡና በቢያጆ መክፈል ማቆማቸውን ነገሯቸው። የወር ደመወዝ ከፍ አለ፤ መኪናው በቆመበት ቀንም አበል እንዲከፈል ተወሰነ። በበረሃው መንዳት ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት፣ ከዚያ እረፍት፤ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት። ከዚያ ውጭ መሪ የሚጨብጥ ሹፌር ጭነቱን በሰላም ቢያደርስም ከሥራ ይሰናበታል።

ጎረቤት ባለ መኪናዎች ጋሼ ሊከስሩ ነው አሉ። ወጪው በእርግጥ ጨመረ። የመጣውን ለውጥ ግን እትዬ በደብተሯ አየችው። በመንገድ የሚጠፋው ናፍጣ ቀነሰ፤ አበሉ የሚበቃው ሹፌር ከታንከር አይቀዳም። ኮንትሮባንድ ከጭነት ሥር ማስገባት ቀረ፤ በዚህ ምክንያት ጉምሩክ ላይ የሚያዝ መኪና ቀረ። ሹፌሮቹ ሌላ ጋር መሄድ ተዉ፤ አንድ መኪና ለዓመታት በአንድ እጅ ሲነዳ ደግሞ ፍሪሲዮኑም ካምቢዮውም ዕድሜው ይረዝማል። ከሁሉ በላይ መኪናዎቹ የሚደርሱበት ቀን ታወቀ። በሦስት ቀን የሚደርስ መኪና አንዳንዴ በሁለት፣ አንዳንዴ በአምስት ከሚደርሰው ለባለ ፋብሪካ ይሻለዋል። ጥሬ ዕቃውን በዚያ ልክ ያዘጋጃል፣ ሠራተኛውን በዚያ ልክ ይጠራል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ ብዙ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ሳልገባ ልለፍላችሁ። ቻይና የሠራው ሲኖትራክ መንገዱን ሞላው። ጋሼ ግን የመለዋወጫው ነገር ቀለለኝ ብለው አምቼ የተባለው ፋብሪካ የገጣጠመውን ኢቬኮ መረጡ። በ2001 ዓ.ም. ሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ ጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. መልቲ ሞዳል የሚባለው አሠራር መጣና ኮንቴይነሩ በአንድ ሰነድ ከመነሻው ወደብ እስከ ሞጆ መጓዝ ጀመረ። የጋሼ ደንበኛ የነበረው ነጋዴ ብቻውን መርካቶ ቆሞ መኪና የሚጠራበት ጊዜ አበቃ፤ ሥራው በውልና በማህበር፣ ክፍያውም በሰነድ ሆነ። እትዬ ለዚህ የሒሳብ ትምህርት የጨረሰች ሴት ልጃቸውን ከጎኗ አስቀመጠች። የአዲስ አበባ–አዳማው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲከፈት ገንዘብ ይከፈልበታል ብሎ የሸሸ ነበር፤ ጋሼ ግን ክፍያውን ከሚድነው ናፍጣና ሸማ ጋር አስተያይተው መኪናቸውን በዚያ ሰደዱ።

ባቡሩ ግን የብዙዎችን እንቅልፍ ነሳ። 750 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ሲመረቅ፣ ከጂቡቲ አዲስ አበባ በግማሽ ቀን እንደሚደርስ ተነገረ። ከባድ መኪና አለቀለት የሚለው ወሬ አዳማን አጥለቀለቃት። መኪናውን በርካሽ የሸጠ ሰው አውቃለሁ። ጋሼ ያን ሰሞን ሚኒባስ ተሳፍረው የባቡሩን የእንዶዴ ጣቢያ ሊያዩ ሄዱ። ሞጆንም አዩ። ተመልሰው መጥተው፣ «ባቡር ፋብሪካ በር ላይ አይቆምም» አሉ። በታኅሣሥ 2010 ባቡሩ መደበኛ ሥራውን ሲጀምር ጋሼ የተወሰኑ መኪናዎቻቸውን ከረጅሙ መስመር አውጥተው ከሞጆና ከእንዶዴ ወደ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ማመላለስ ጀመሩ። ቢያጆው አጭር ነው፣ ትርፉም አነስ ይላል፤ ሹፌሩ ግን ቤቱ ያድራል። የቀሩት መኪናዎች በጂቡቲ መስመር ቀጠሉ፤ ከአገሪቱ ጭነት አብዛኛው ዛሬም በጎማ ነው የሚገባው። ባቡሩ ቢጠናከር እሰየው የሚሉ ናቸው ጋሼ፤ ብረትና ስንዴ ባቡር ላይ ቢሄድ መንገዱም ሹፌሩም ያርፋል ባይ ናቸው። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ከጂቡቲ የሚመለሰው ሹፌር ሁሉ ተመርማሪ ሆነ። አገሩን የሚመግቡት ሰዎች ሻይ ቤት የማይገቡበት፣ ሰው ከሩቅ የሚሸሻቸው ጊዜ ነበር። በኅዳር 2014 ደግሞ በሰሜን የተነሳው ጦርነት ሚሌ አቅራቢያ ደረሰና መስመሩ ሊቆረጥ ነው ተባለ። ከዚያ በፊትም በኋላም በየአቅጣጫው ሹፌር የታገተበት፣ የተገደለበት፣ ቤተሰቡ ማስለቀቂያ የተጠየቀበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጉዳይ ስናወራ ስለ ጭነት መዘግየት ማውራት ያሳፍረኛል። ጋሼ የሚያደርጉት ግልጽ ነው። መንገዱ ሰላም እንዳልሆነ ሹፌሩ ከደወለ መኪናው ባለበት ከተማ ይቆማል፣ ባለ ጭነቱም በዚያው ሰዓት ይነገረዋል። አንድ ትልቅ ደንበኛ ከመናገሻ ከተማው ሆኖ፣ «ሌላው እየሄደ ያንተ ለምን ይቆማል?» ብሎ ሥራውን ነጠቃቸው። ጋሼ ሥራውን ለቀቁ። ሰውየው ወራት ቆይቶ ተመልሶ መጣ፤ እሳቸውም ስለ በፊቱ ሳያነሱ ተቀበሉት።

የዛሬው ፈተና ደግሞ ሒሳብ ነው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና በአንድ ሊትር ናፍጣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ደርሶ መልሱ 1,800 ኪሎ ሜትር ነው፤ 900 ሊትር በሉት። የነዳጅ ድጎማው መነሳት ከመጀመሩ በፊት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ሊትሩ ከ36 ብር በታች ነበር፤ ምልልሱ በ32 ሺህ ብር ግድም ይሞላል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማለቂያ ሊትሩ 100 ብር አፋፍ ሲደርስ ያው ምልልስ 89 ሺህ ብር ጠየቀ። ከዚያ ቀደም ብሎም ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጎማ በዶላር ይገዛል፣ መለዋወጫ በዶላር ይገዛል፣ ጂቡቲ ላይ የሚወጣው ወጪ በውጭ ገንዘብ ነው። በብር የተፈረመ የዓመት ውል ያለው ባለ መኪና በዚያ ክረምት ምን እንደገጠመው ገምቱት።

ጋሼ በዚያ ክረምት ደንበኞቻቸውን አንድ በአንድ እየዞሩ ደብተሩን ከፍተው አሳዩ። ናፍጣው ይህ ነው፣ ጎማው ይህ ነው፣ ደመወዙ ይህ ነው፣ ለእኔ የሚቀረኝ ይህ ነው። ሒሳቡን ለሰው ማሳየት በነጋዴ ዘንድ ያልተለመደ ነው። አብዛኞቹ ዋጋውን አስተካከሉላቸው፤ ከእንግዲህም ነዳጅ ሲጨምር ዋጋው በዚያው ልክ እንዲሄድ በውሉ ላይ ተጻፈ። ያላስተካከሉም ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር ጋሼ ውሉን እስከ ቀኑ ድረስ በኪሳራ ፈጽመው ተለያዩ። በዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቻቸው ይወቅሷቸዋል፤ ውሉን ማፍረስ ይቻል ነበር ይላሉ። እኔ ጋሼ ልክ ናቸው እላለሁ። የተፈረመ ውል ሲከብድ የሚጣል ከሆነ ከሚቀጥለው ደንበኛ ጋር የሚፈረመው ውል ምን ዋጋ ይኖረዋል?

አሁን ግቢው ውስጥ ልጃቸው ስክሪን አላት። መኪናዎቹ ጂፒኤስ ተገጥሞላቸዋል፤ ናፍጣ በቴሌብር ይከፈላል፤ ሹፌሩ የርክክብ ሰነዱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል። ስክሪኑ መኪናው ሎጊያ ላይ ለስድስት ሰዓት እንደቆመ ያሳያል። ለምን እንደቆመ ግን አያሳይም። ልጅቷ ትደውላለች። ሹፌሩ፣ «እህቴ፣ የኋላ ጎማ ድምፅ ቀይሮብኛል፣ ጎሚስታው እስኪያየው ነው» ይላታል። እውነቱን የሚነግራት እንደማይቀጣበት ስለሚያውቅ ነው። እሷም ያንኑ ለባለ ጭነቱ ትነግረዋለች፤ ሐሙስ ተብሎ የነበረው ዓርብ ከሰዓት ሆኗል ትለዋለች። ዓርብ ከሰዓትም ይደርሳል።

ባለፈው ሳምንት ግቢው ስሄድ አንዱ ሹፌር ከሚያራግፍበት መጋዘን በር ላይ ደወለ። ከወደብ እዚያ ድረስ የመጣው በተባለው ቀን ነው። በሩ ላይ ደርሶ ግን ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ጫኝና አውራጅ አልመጣም፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋር ነው። ሹፌሩ የሚቀመጥበት ጥላ የለውም፣ መጸዳጃ የለውም፤ ጋቢናው ውስጥ ነው የሚያድረው። ጋሼ ስልኩን ዘግተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «አንተ የምትጽፍ ከሆነ ይህን ጻፍልኝ» አሉኝ። እነሆ እጽፋለሁ።

ማዳበሪያ የምትረከቡ ዩኒየኖች፣ የፋብሪካና የመጋዘን ኃላፊዎች፣ ብረትና ስንዴ አስገብታችሁ መኪና የምትጠብቁ ነጋዴዎች ሆይ፤ መኪናው የሚደርስበት ቀን ተነግሯችኋል፤ በዚያ ቀን አውራጆቻችሁን ጠርታችሁ፣ ቁልፉን ይዛችሁ ጠብቁ። በደረሰበት ዕለት አራግፉት። ሹፌሩን ከፀሐዩ አንስታችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡት፣ ውሃ ስጡት፣ መጸዳጃውን አሳዩት። ሰነዱንም ፈርማችሁ በእጁ ስጡትና ወደ ልጆቹ ይሂድ።